የእድር ቤቱ በረንዳ

የባጃጅ ሾፌሮች ሰፈራችንን «ጭቃው» ይሉት ነበር። መናኸሪያ በር ላይ ቆመህ «ማህበር ቤቶቹ ጋ» ስትል ሾፌሩ መጀመሪያ ጫማህን ያያል፣ ቀጥሎ ሰማዩን ያያል፣ ከዚያ «ጭቃው ነው? እኔ አልገባም፤ አስፋልቱ ላይ ነው የማወርድህ» ይላል። ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሀዋሳ ውስጥ የገነባሁትን የሰው ቤት ልቁጠር ብል የእጄም የእግሬም ጣት አይበቃኝም። የራሴን ለመሥራት ግን በማህበር ተደራጅቼ አስራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ከአላሙራ ተራራ ግርጌ መሬት ደርሶኝ፣ መሠረቱን ራሴ ቆፍሬ፣ ግድግዳውን ራሴ አቁሜ የገባሁበትን ቤት አንድ ጎረምሳ ጭቃ ሲለው ዝም ማለት አልችልበትም። የልቤን ተናግሬው፣ ከባጃጁ ወርጄ፣ እስከ ቤቴ በእግሬ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። ጭቃ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የእኔ ጭቃ ነው።

ስሜ ሰኢድ ነው፤ ሰው ጋሼ ሰኢድ ይለኛል። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ግንበኛ ነኝ፣ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢም ነኝ። ሦስት የቤት ማህበራት፣ ከሦስት መቶ በላይ ቤተሰብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ እድር ነን። እንዲህ ያለ እድር በከተማው ስንት እንዳለ አላውቅም። የእኛን ግን አውቃለሁ፣ እኮራበታለሁም።

ሰፈራችን ያልነበረው መንገድ ብቻ ነው። ቤቶቹ ቆመዋል፣ መብራት ገብቷል፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። መንገዱ ግን የነበረው ወረቀት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከቤት እስከ አስፋልት በቦቲ ጫማ ነው የሚወጣው። አስፋልቱ ዳር ካለችው ሱቅ ጎን አንድ የእንጨት መደርደሪያ አቁሜ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቦቲውን እዚያ አውልቆ ያስቀምጥና ከፌስታል ያወጣውን ደህና ጫማ አድርጎ ወደ ከተማ ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ ይቀይራል። ባለሱቋ የሁላችንንም ጫማ ለይታ ታውቀው ነበር። ጎረቤቴ ደብሪቱ አሞራ ገደል ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሳይመለሱ እዚያ መድረስ አለባት። ሦስት ክረምት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በዚያ ጭቃ ላይ ስትሄድ አይቻታለሁ። አንድ ቀን አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰበረ። በማግስቱም ሄደች፣ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አስራ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ቶሎ ልናገረውና ልገላገል።

መሬቱ በዕጣ በደረሰን ሰሞን የሰፈሩ ፕላን ፎቶ ኮፒ ተሰጠን። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጽሑፉ ግማሹ የጠፋ ወረቀት ነው። ሰው ሁሉ እኔን ከበበ፤ ፕላን ማንበብ የሚችለው ጋሼ ሰኢድ ነዋ። በሦስቱ ማህበራት መሃል ሰፊ መንገድ ይገባል፣ መንገዱ ሄዶ ሄዶ አንድ ትልቅ ክብ ላይ ያልቃል፣ በትልቁ ክብ መሃል ደግሞ ትንሽ ክብ አለች። «ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?» ብሎ የጠየቀኝ ሳዳም ነው፤ መሃል ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፣ የእድራችን ጸሐፊ ነው። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን አርባ ዓመት ግንበኛ ሆኜ፣ ሃምሳ ሰው አፍ አፌን እያየ፣ አላውቅም የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ።

«ይኼማ የድንኳን ቦታ ነው» አልኩ። «ለቅሶም ሰርግም ሲኖር ድንኳን የሚተከልበት። ትንሿ ክብ እድር ቤቱ ናት።»

ማንም አልተጠራጠረም። ለእኛ ሰፈር ማለት መጀመሪያ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ነውና ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ልጄ ሀያት ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ባለቤቴ ሙንተሃ «ለልጅህ አታሳያትም?» አለችኝ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አልኳትና ወረቀቱን ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ጣልኩት።

እድር ቤቱን በሁለት ዓመት ሠራነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይወጣል፤ ድንጋይ የሚያቀርብ ያቀርባል፣ ውሃ የሚቀዳ ይቀዳል፣ ወሬ የሚያወራም ያወራል። ቤቱ ሲያልቅ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ትልልቆቹን ድስቶች አስገባንበት። በረንዳው ግን የእኔ ብቻ ሥራ ነው። አራት የጥርብ ድንጋይ ምሰሶ፣ ሦስት ደረጃ፣ በግራና በቀኝ ሰው የሚቀመጥበት ሰፊ ድንጋይ። በድንጋይና በድንጋይ መሃል ምላጭ አይገባም። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አርባ ዓመት የሰው ቤት ስሠራ ባለቤቱ ከኋላዬ ቆሞ «ቶሎ በል» ይለኝ ነበር፤ እዚያ ላይ ቶሎ በል የሚለኝ አልነበረም። ሙሽሮች ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነስተው ሲመለሱ እኔ በረንዳ ላይ ደግመው ይነሳሉ። ከሌላ ሰፈር ሜትር ይዘው መጥተው የለኩት ግንበኞችም አሉ። ሙንተሃ «እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያገባኸው» ትለኝ ነበር። አልካድኳትም።

ሀያት ተመረቀች፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሥራ ያዘች። ሥራሽ ምንድን ነው ብላት «አባዬ፣ ቤት የሚያሠራው አንድ ክፍል ነው፣ መንገድ የሚያሠራው ሌላ፣ አውቶቡስ የሚመድበው ደግሞ ሌላ። እርስ በርስ አይነጋገሩም። እኔ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ» አለችኝ።

«በሃያ አምስት ዓመትሽ ሽማግሌ ሆነሻላ» አልኳት። ሳቀች።

ግን ሽማግሌ ነበረች። ፋይሏን አቅፋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ከረመች። አንዱ «መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ» ይላል፣ ሌላው «መጀመሪያ የአውቶቡስ መስመሩ ይፈቀድ» ይላል፤ እሷ በመሃል ቆማ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አስፈረመቻቸው። በዚያ በጋ ሰፊው መንገዳችን ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ቦይም ተሠራለት። ቀጥሎ ከመናኸሪያ ተነስቶ በመሃል ከተማ አልፎ እኛ ጋ የሚደርስ አውቶቡስ ታሰበልን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አውቶቡሱ ለሙከራ መጥቶ መስመሩ ጫፍ ላይ ወደኋላ ሳይል በአንድ ጊዜ መዞር አለበት፤ ልጆች በሚጫወቱበት ሰፈር ትልቅ አውቶቡስ ወደኋላ እንዲነዳ አይፈቀድም። ካልዞረ ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል።

አንድ አርብ ሀያት ከሥራ ስትመለስ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዲስ፣ ጥርት ያለ ወረቀት ነው፣ ግን ወዲያው አወቅኩት። ሰፊው መንገድ፣ ትልቁ ክብ፣ ትንሿ ክብ።

«አባዬ» አለች፣ «ይኼ የድንኳን ቦታ አይደለም። የአውቶቡስ መዞሪያ ነው። ሰፈሩ ገና ሲታሰብ ጀምሮ የተቀመጠ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ፕላኑ።»

«ያንን ፕላን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ አስረዳችኝ። አውቶቡሱ በትንሿ ክብ ዙሪያ ነው የሚዞረው። እድር ቤቱ ራሱ ትንሿ ክብ ውስጥ ስለሆነ አይነካም። በረንዳው ግን ወጥቷል፤ የፊተኞቹ ምሰሶዎች ከክቡ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል አልፈዋል። ሙከራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ እኔን አላየችኝም። እኔም ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝን ነገር ተናገርኩ።

«ያስተማርኩሽ በረንዳዬን እንድታፈርሺ ነው?»

ወረቀቱን ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ገባች። ሙንተሃ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ አየችኝ። እሷ ስትናገር እችላታለሁ፤ ዝም ብላ ስታየኝ ግን መግቢያ ይጠፋኛል።

እሁድ ከሰዓት የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። እንደ ልማዳችን በረንዳው ላይ፣ ደረጃው ላይና ከፊቱ ባለው ሜዳ ተቀመጥን። ሀያት የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ ይዛ መጣች። በሁለት እጇ አቀረበችልኝና «ሰብሳቢ፣ ደብዳቤው ለእርስዎ ነው» አለችኝ። አንተ ስትለኝ የኖረች ልጄ እርስዎ አለችኝ። ሥራ ላይ ናት፣ ትክክል ናት። እኔ ግን ከፋኝ።

ሳዳም ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። በረንዳው በአውቶቡስ መዞሪያ ውስጥ ስለተሠራ ከሙከራው ቀን በፊት እንዲነሳ ይላል። ሰው ተቆጣ፤ የተቆጣውም ለእኔ ብሎ ነው። «የጋሼ ሰኢድን በረንዳ?» ይላል አንዱ። «አውቶቡሱ እዚያ ማዶ ይዙር» ይላል ሌላው። ሳዳም ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ከኪሱ የተጻፈ አቤቱታ አወጣ። ቦታው በመጀመሪያው ፕላን የድንኳን ቦታ ነበር፣ እኛ ሳናውቅ ተቀይሯል፣ የቀየረው ባለሙያ ይጠየቅልን ይላል። ስም አልጠራም። ሰውም ለእኔ አፍሮ ወደ ሀያት ዞር አላለም። ባለሙያዋ ማን እንደሆነች ግን ሁሉም ያውቃል።

«ጋሼ፣ ማህተም ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ።

የእድሩ ማህተም ሁልጊዜ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። አወጣሁት። የሰውን ልብ የሚያውቅ አላህ ነው፣ የራሴን ግን ልናገር፤ ልመታው ነበር። ብመታው ክርክሩ ዓመት ይፈጃል፣ በረንዳዬ ይቆያል፣ ስሜም ይቆያል። ልጄ ግን ጉዳዩ እስኪጣራ ትጠየቃለች፤ አውቶቡሱም ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

«ፕላኑ አልተቀየረም» አለች ሀያት። አራተኛው ምሰሶ አጠገብ ቆማለች።

«ታዲያ የድንኳኑ ቦታ የት ሄደ?» አለ ሳዳም።

ሀያት አባቴ ተሳስቶ ነው ብትል ይበቃት ነበር። እውነት ነው፣ ማንም አይፈርድባትም። አላለችም። ፋይሏን ደረቷ ላይ ይዛ መሬት መሬቱን አየች።

ከኋላ አንድ ሰው «ውሸቷን ነው» አለ።

ውሸታም የተባለችው ልጄ ናት። የተባለችውም እኔን ልታድን ብላ ነው። ይህን አልቻልኩም። ማህተሙን ኪሴ ከተትኩ፣ አቤቱታውን ለሳዳም መለስኩና ተነሳሁ።

«ሳዳም፣ ቁጭ በል» አልኩ። «ፕላኑን የቀየረውን ሰው ከፈለጋችሁት እዚህ አለ። እኔ ነኝ። ወረቀቱን አልነካሁም፤ ያላነበብኩትን አነበብኩ ብዬ ነው የቀየርኩት። ያን ቀን ክቧ ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ቤቴ ውስጥ የምትማር ልጅ ነበረችኝ፣ እሷን መጠየቅም አሳፈረኝ። እናንተም አመናችሁኝ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጨረስኩት። «ይህች ልጅ ከአርብ ጀምሮ ታውቃለች። አሁን እንኳ ፊታችሁ አልተናገረችም። ውሸታም ያላት ሰው ይቅርታ ይጠይቃት፤ ከእሱ በፊት ግን እኔ እጠይቃታለሁ።» ወደ እሷ ዞርኩ። «ሀያት፣ ይቅር በይኝ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከዓይኗ እንባ ወረደ። እኔም ደህና አልነበርኩም። መጀመሪያ የተናገረችው ደብሪቱ ናት።

«ጋሼ ሰኢድ፣ በረንዳው ከተነሳ አውቶቡሱ ይዞራል?»

«ይዞራል» አለች ሀያት።

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን? እኔ ቤት ዲጅኖ አለ።»

ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ወዲያው እጄን አነሳሁ። «ዲጅኖ አይነካውም። እኔ የካብኩትን እኔ ነኝ የማወርደው፣ አንድ በአንድ።» ሳዳም አቤቱታውን እንደያዘ ቀርቶ «ታዲያ ይኼን ምን ላድርገው ጋሼ?» አለኝ። «ጀርባው ነጭ ነው» አልኩት፣ «ለልጄ ስጣት፣ መዞሪያውን ትሳልበት።» ወስዶ ሰጣት፣ ይቅርታም ጠየቃት። ከኋላ የተናገረውም ሰው ተነስቶ መጣ። ማን እንደነበረ አልናገርም፤ ዛሬ አውቶቡሱ ላይ ቀድሞ የሚሳፈረው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠሀን ጠራነው። ጠሀ ሠላሳ ዓመት በሞያሌ መስመር አውቶቡስ የነዳ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው። ሀያት ሜትሯን ዘርግታ ለካች። ጠሀ ሜትሩን ዘወር ብሎ እንኳ አላየው። ችካል ተከለ፣ ገመድ አሰረበት፣ ኖራ በጣሳ ይዞ በመሬቱ ላይ መዞር ጀመረ።

«ልጄ» አላት እየዞረ፣ «የአውቶቡስ ፊቱ ሲዞር ቂጡ ገና ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሰው የሚስተው እሱን ነው።»

«እሱንም አስልቼዋለሁ፣ አባባ» አለችው።

የእሱ ነጭ መስመርና የእሷ መስመር ዙሪያውን ሄደው በስንዝር ብቻ ተለያዩ። ሁለቱ ስንዝሩ ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ጠሀ ተንበርክኮ በጣቱ አየና «የእሷ ይሻላል፤ እኔ የድሮውን ረጅሙን አውቶቡስ ይዤ ነው የዞርኩት» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጄ ወሬ በጠሀ አፍ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። እኔ ሳወራው ጉራ ይሆን ነበር፤ እሱ ሲያወራው ምስክርነት ሆነ። መስመሩ በእኔ ሁለት ምሰሶዎች መሃል ገብቶ ይወጣል። ያንን ካየ በኋላ የተከራከረ ሰው የለም። ልጆቹም ኖራውን ላለመርገጥ እየዘለሉ ያልፉ ነበር።

ማፍረስ ከመሥራት ይከብዳል ያለኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነው ያወቅኩት። የእያንዳንዱን ድንጋይ ጠርዝ ሳልሰብር በመሮ እየፈለቀቅኩ፣ ጀርባው ላይ በከሰል ቁጥር እየጻፍኩ አወረድኩ። አስራ አንድ ቀን ፈጀ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ሳወርድ መሮዬን አስቀምጬ፣ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ። ሀያት ቅዳሜና እሁድ ቦቲዋን አድርጋ እየመጣች ድንጋይ ተሸከመች፤ ተይ ብላትም አልሰማችኝም። አንድ ጊዜ ሁለት ድንጋዮች ገጥማ እያየች «አባዬ፣ ይህን መጋጠሚያ እንዴት አወጣኸው?» አለችኝ። አሳየኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሥራዬን የጠየቀችኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፕላን እንድታስነብበኝ ጠየቅኳት። ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ዘርግታ ከመንገዱ ጀምራ እስከ ቦዩ አነበበችልኝ። ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ሰው በየት እንደሚሻገር፣ ሌላ ሦስት መቶ ቤት በስተጀርባ ቢሠራ መስመሩ በየት እንደሚቀጥል ሁሉ እዚያ አለ። ያን ወረቀት አራት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ ነበር።

ድንጋዮቹ ሲወርዱ የት እንደሚሄዱ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከመዞሪያው ውጭ፣ ከመንገዱ ቀኝ፣ ፕላኑ ላይ ለተሳፋሪ መጠበቂያ የተተወ ቦታ አለ። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል መለስኳቸው። አራቱ ምሰሶዎች ቆሙ፣ ከላይ ቆርቆሮ ገባ፣ የድሮው ደረጃ ረጅም መቀመጫ ሆነ። ሳዳም አሸዋ አቀበለኝ። እሱ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የለመደ ሰው ነው፣ አሸዋውን ሲያቀብል እንደ ቴሌቪዥን በሁለት እጁ ተጠንቅቆ ነው። ሥራው ያለቀው ሙከራው አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

በሙከራው ቀን ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። አውቶቡስ ከሚመድበው ክፍል ሦስት ሰዎች መጥተዋል። አውቶቡሱ ከታች ብቅ አለ። ኮብልስቶኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወጣና መዞሪያው አፍ ላይ ቆመ። ጠሀ ከፊቱ ሄደና መሃረቡን አወጣ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ይበቃል?» አለ። ጠሀ መሃረቡን ወደ ግራ አሳየው። አውቶቡሱ ገባ። ፊቱ በእድር ቤቱ ጥግ አለፈ፣ የኋላ ጎማው የኖራውን መስመር ይዞ ዞረ። በረንዳዬ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አየር ብቻ ነበር፣ አውቶቡሱ በዚያ አየር ውስጥ አለፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ዞሮ ፊቱን ወደ ከተማ አደረገ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ደብሪቱ አላለችም፤ ከሰው መሃል ወጥታ፣ በሩ ሲከፈት ገብታ፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ሙከራ ነው፣ ሰው አይጭንም ሲሏት «እኔም እየሞከርኩ ነው» አለች። ማንም አላስወረዳትም። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ፣ ትልቅየው፣ የሀያትን ወረቀት ይዞ ዙሪያውን አየና «የዚህ ባለሙያ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሀያት አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት።

«ልጄ ናት» አልኩ።

የተጠየቅኩት እሱን አልነበረም፣ አውቃለሁ። ሰውዬው ፈገግ አለና እጄን ጨበጠኝ። ስንት ቤት ሠርቼ አስረክቤ ቁልፍ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደረቴ ሰፍቶ አያውቅም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውን ተረትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ከልክያለሁ። ሙንተሃ አንዳንዴ ሆን ብላ ትተርትብኛለች።

ይኸው ክረምቱ አለፈ። አስፋልቱ ዳር የነበረውን የቦቲ መደርደሪያ ራሴ ነቅዬ ለባለሱቋ ሰጠኋት፣ የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። መንገዱ ደህና ስለሆነ ከአውቶቡሱ ሌላ ባጃጆችም መግባት ጀምረዋል። በቀደም ዕለት ሚስማር ልገዛ መናኸሪያ ሄጄ ስመለስ አንድ የባጃጅ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል።

«በረንዳ፣ በረንዳ፣ አንድ ሰው የቀረው በረንዳ።»

እንዲህ የሚባል ሰፈር ሀዋሳ ውስጥ አላውቅም። ጠጋ አልኩና «የት ነው እሱ?» አልኩት።

«አላሙራ ሥር ነው አባት። አዲሶቹ ቤቶች፣ አውቶቡሱ የሚዞርበት።»

«ለምን በረንዳ ተባለ?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ «ሰው ነው የሚለው። በረንዳ እንኳ የለውም።»

«ነበረው» አልኩትና ገባሁ። ሾፌሩ ጫማዬን አላየም።